ትረስት ምንድን ነው? “አደራ” አሜሪካ ውስጥ የሞኖፖል ስም የሆነበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ጎግል የኢንተርኔት ፍለጋ ገበያን በሕገወጥ መንገድ በሞኖፖል ይዟል ብለው ፈረዱ። የተመረኮዙበት ሕግ የወጣው በ1890 ነው፤ አብዛኛው አሜሪካዊ ቤቱን በላምባ በሚያበራበት ዘመን። ሕጉ “አንቲትረስት” ይባላል፣ ፀረ ትረስት ማለት ነው። ትረስት ደግሞ ቃል በቃል አደራ ነው። በእኛ ዘንድ አደራ የተከበረ ቃል ነው፤ “አደራ በላ” ከመባል የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ታዲያ አሜሪካውያን አደራን የሚከለክል የሚመስል ሕግ ለምን አወጡ? መልሱ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ጠበቃ በ1882 ባረቀቀው ውል ውስጥ ይገኛል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትረስት ከንግዱ ዓለም በፊትም ነበር። አባት ሞቶ ልጆቹ ሕፃናት ቢሆኑ፣ ንብረቱ ለአንድ ታማኝ ሰው በአደራ ይሰጣል። በሕግ ፊት የንብረቱ ጌታ ባለአደራው ነው፤ ይሸጣል፣ ያከራያል፣ ይፈርማል። ጥቅሙ ግን የልጆቹ ነው። ስለዚህ ትረስት በአንድ ንብረት ላይ ያሉ ሁለት ሥልጣኖችን ይለያያል፤ ማዘዝ ለአንዱ፣ መጠቀም ለሌላው። የሕፃናት መጠበቂያ የነበረው ይህ ዘዴ ነው ለነዳጅ ማጣሪያዎች የዋለው።

ጆን ሮክፌለርና ሸሪኮቹ ስታንዳርድ ኦይልን በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ በ1870 ሲያቋቁሙ ካፒታሉ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያኔ ነዳጅ ማለት ላምባ ማለት ነው፤ መኪና የለም፣ ቤንዚንም እንደ ተረፈ ምርት ይቆጠር ነበር። ማጣሪያ መክፈት ብዙ ካፒታል ስለማይጠይቅ ማጣሪያዎች ተበራከቱ፣ ዋጋውም ወረደ። ሮክፌለር በርካሽ ከማጣራት ባሻገር በርካሽ ማጓጓዝም ተወዳዳሪን እንደሚጥል ገባው። በ1872 እሱና ጥቂት ማጣሪያዎች ከሦስት ትላልቅ የባቡር ኩባንያዎች ጋር ምስጢራዊ ውል ገቡ። ድፍድፍ ነዳጅ ከፔንስልቬንያ ጉድጓዶች ወደ ክሊቭላንድ ለማጓጓዝ ለሁሉም የሚነገረው ዋጋ በበርሜል 80 ሳንቲም ነበር። ለውሉ አባላት ግን 40 ሳንቲሙ ይመለስላቸዋል። የባሰው ሁለተኛው አንቀጽ ነው፤ የውሉ አባል ያልሆነ ነጋዴ 80 ሳንቲም ሲከፍል፣ ከእሱ ገንዘብ ላይም 40ው ሳንቲም ለአባላቱ ይሰጣል። ተወዳዳሪህ በላከው በርሜል ሁሉ ላይ አንተ ትከፈላለህ ማለት ነው።

ውሉ ሲታወቅ የጉድጓድ ባለቤቶች አደባባይ ወጡ፣ የፔንስልቬንያ ምክር ቤትም ለውሉ ማስፈጸሚያ የተቋቋመውን ኩባንያ ፈቃድ ሰረዘ። ውሉ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ዛቻው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክሊቭላንድ ከነበሯት 26 ማጣሪያዎች 22ቱ ለስታንዳርድ ኦይል ተሸጡ። በ1880 ገደማ ከአገሪቱ የማጣራት ሥራ 90 በመቶ ያህሉ በእጁ ነበር።

እዚህ ላይ ሕግ እንቅፋት ሆነ። በአሜሪካ ለኩባንያ የመቋቋሚያ ፈቃድ የሚሰጠው የየክፍለ ግዛቱ መንግሥት እንጂ ማዕከላዊው መንግሥት አልነበረም፤ ዛሬም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። በኦሃዮ ሕግ የተቋቋመ ኩባንያ በሌላ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን መያዝ አይችልም፤ ከክፍለ ግዛቱ ውጭ ንብረት የማፍራት መብቱም አጠያያቂ ነበር። ስታንዳርድ ግን በኒውዮርክ፣ በፔንስልቬንያና በሌሎችም ቦታዎች የገዛቸው ድርጅቶች ነበሩት።

በጊዜው የተለመደው አማራጭ ፑል ነበር፦ ነጋዴዎች ተሰብስበው “ከዚህ ዋጋ በታች አንሸጥም፣ ከዚህ በላይ አናመርት” ብለው የሚስማሙበት ማኅበር። ፑል ዕድሜው አጭር ነው። ዋጋ ከፍ ሲል፣ ከስምምነቱ ውጭ በድብቅ ጨምሮ የሚያመርት አባል ከሁሉም በላይ ያተርፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈተናል። የተካደው ወገን ደግሞ መክሰስ አይችልም፤ ንግድን የሚያግድ ውል ነው ብሎ ፍርድ ቤት አያስፈጽምለትም።

የስታንዳርድ ጠበቃ ሳሙኤል ዶድ መፍትሔውን ጃንዋሪ 2 ቀን 1882 በተፈረመ ውል አመጣ። የ40 ያህል ኩባንያዎች ባለአክሲዮኖች አክሲዮናቸውን ለዘጠኝ ባለአደራዎች አስረከቡ። ከዘጠኙ መካከል ሮክፌለር፣ ወንድሙ ዊሊያም፣ ሄንሪ ፍላግለር፣ ጆን አርቦልድና ኦሊቨር ፔይን ይገኙበታል። ያስረከበው ሰው በምትኩ የትረስት ሰርተፊኬት ተቀበለ፤ አንዱ 100 ዶላር ዋጋ ተሰጥቶት 700,000 ሰርተፊኬት፣ በጠቅላላው 70 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ በኋላ በየኩባንያው ስብሰባ ድምፅ የሚሰጡት ባለአደራዎቹ ናቸው፤ ዳይሬክተሮችን የሚሾሙትም የሚሽሩትም እነሱው። ትርፉ ከየኩባንያው ወደ አንድ ቋት ይገባና በሰርተፊኬቱ ብዛት ይከፋፈላል።

የብልሃቱ ጉልበት ያለው በዚች የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነው። በፑል ጊዜ ማጣሪያህ ቢዘጋ ገቢህ ይቆማል፤ ስለዚህ ማንም ለመዝጋት አይስማማም። በትረስት ጊዜ የራስህ ማጣሪያ ቢዘጋም ሰርተፊኬትህ ከጠቅላላው ትርፍ ድርሻህን ያመጣልሃል። ባለአደራዎቹ ደካማውን ማጣሪያ ዘግተው ጠንካራውን ሲያስፋፉ የሚጮህ ባለቤት የለም። የውስኪ ትረስት በ1887 ሲመሠረት ከ80 የሚበልጡ መጥመቂያዎች ሰብስቦ አብዛኞቹን የዘጋው በዚሁ ስሌት ነው። ሥራውን ያጣው ሠራተኛና ዙሪያውን የነበረው ከተማ ግን ሰርተፊኬት አልነበራቸውም።

ሌላው የዶድ ብልሃት ትረስቱ ራሱ ኩባንያ አለመሆኑ ነው። የመቋቋሚያ ፈቃድ የለውም፣ ለማንም ሪፖርት አያቀርብም። የኒውዮርክ ሴኔት ኮሚቴ በ1888 እስኪያጋልጠው ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ የውሉን ቃል ሕዝብ አያውቀውም ነበር። ነጋዴው ግን ሽታውን ቶሎ ለየ፤ የጥጥ ፍሬ ዘይት በ1884፣ የተልባ ዘይት በ1885፣ ስኳር፣ ውስኪና እርሳስ በ1887 ትረስት ሆኑ። ሕዝቡ ስሙን አሰፍቶ ማናቸውንም ግዙፍ ድርጅት ትረስት ይለው ጀመር። አጠራሩ ለትግሉ ቢመችም ለሕጉ አልበጀም። የካርኔጊ የብረት ድርጅት ለምሳሌ ትረስት ሆኖ አያውቅም፤ የሽርክና ማኅበር ነበር።

የስታንዳርድ ተከላካዮች አንድ እውነት ነበራቸው። የላምባ ዋጋ በ1870 በጋሎን 26 ሳንቲም ገደማ ከነበረበት በ1880ዎቹ አጋማሽ ወደ 8 ሳንቲም አካባቢ ወርዷል። ይህን ክዶ ስለ ትረስት መጻፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ቅሬታው ግን በዋጋው ብቻ አልነበረም። የጉድጓዱ ባለቤት ነዳጁን የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ሆነበት፤ ትንሹ ማጣሪያ ያለ ባቡር ቀረ፤ የገንዘቡ ክብደትም ምክር ቤቶችን ማጉበጥ ጀመረ።

የኩባንያ ፈቃድ በክፍለ ግዛት እጅ ስለሆነ፣ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት የያዘ ሕጉን ይዟል። የአሜሪካ ሴናተሮችም እስከ 1913 ድረስ በሕዝብ ድምፅ አይመረጡም፤ የሚመርጧቸው እነዚሁ የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ። በ1884 የኦሃዮ ምክር ቤት ሄንሪ ፔይንን ሴናተር አድርጎ መረጠ፤ የባለአደራው ኦሊቨር ፔይን አባት ናቸው። ወንበሩ በጉቦ ተገዛ የሚል ክስ ተነስቶ ጉዳዩ ዋሽንግተን ደረሰ፤ ሴኔቱ ለመመርመር ፈቃደኛ አልሆነም። በ1889 ፓክ የተባለው መጽሔት ያወጣው ሥዕል ይህን ያሳያል። ሆዳቸው የገንዘብ ከረጢት የሆነ ግዙፍ ሰዎች፣ በየሆዳቸው ላይ የየትረስቱ ስም ተጽፎ፣ ከሴናተሮቹ ጀርባ ተደርድረው ቆመዋል። ሴናተሮቹ ከፊታቸው ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት ያህል ናቸው። የሞኖፖሊስቶች መግቢያ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ላይ በሰገነቱ ያለው የሕዝብ መግቢያ ተቆልፏል።

ትረስቱን በፍርድ ቤት የጣለው ግን ዋሽንግተን አልነበረም። የኦሃዮው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ዴቪድ ዋትሰን ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ አንድ መጻሕፍት መደብር ገብቶ ስለ ትረስቶች የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ገዛ፤ በመጽሐፉ ጀርባ የስታንዳርድ ውል እንዳለ ታትሞ አገኘው። ሲያነበው የኦሃዮ ኩባንያ 35,000 አክሲዮኖች ካሉት 34,993ቱ ለባለአደራዎች መተላለፋቸውን ተረዳ። አስተዳደሩ ኒውዮርክ ለተቀመጡ ሰዎች ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ኦሃዮ ደግሞ ፈቃድ የሰጠችው ለኦሃዮ ኩባንያ እንጂ ለእነሱ አይደለም። በ1890 ከሰሰ። የክሊቭላንዱ ባለሀብትና የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው ማርክ ሃና ክሱን እንዲተው የሚገፋፋ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ዋትሰን አልተወም። በማርች 1892 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያው ከትረስቱ እንዲወጣ ወሰነ። ስታንዳርድ ትረስቱ ፈርሷል ብሎ አስታወቀ። ባለአደራዎቹ ግን “አጣሪ” ተብለው በዚያው ወንበር ቀጠሉ፤ የሰርተፊኬቱ ልውውጥ ለዓመታት ተጎተተ።

መጎተቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ወንዙን ተሻግሮ ከኒውዮርክ ፊት ለፊት ያለው የኒውጀርሲ ክፍለ ግዛት በ1889 ሕጉን ለውጦ አንድ ኩባንያ የሌላውን አክሲዮን እንዲይዝ ፈቅዶ ነበር። ይህ ሆልዲንግ ኩባንያ የሚባለው ነው። ባለአደራ አያስፈልግም፣ ምስጢራዊ ውል አያስፈልግም፤ በትረስት የተሠራው ሁሉ በግልጽ ፈቃድ ይሠራል። ኒውጀርሲ ከምዝገባና ከዓመታዊ ክፍያ ብዙ ገንዘብ ሰበሰበች፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች የዘጉትን በር ከፍታ ተጠቀመች። የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ1890 የስኳር ትረስቱን ሲያፈርስ፣ ትረስቱ በ1891 የኒውጀርሲ ኩባንያ ሆኖ ተመለሰ።

መግቢያው ላይ ያነሳነውን ፀረ ትረስት ሕግ፣ በሴናተር ጆን ሸርማን ስም የሸርማን ሕግ የሚባለውን፣ ኮንግረስ ያወጣው በጁላይ 1890 ነው። ሴኔቱ 51 ለ1፣ ሌላው ምክር ቤት 242 ለ0 አጸደቁት። አንድ ሕግ ያለ ተቃውሞ ሊባል በሚችል ድምፅ ሲያልፍ ቃላቱን ደጋግሞ ማንበብ ይገባል። ሕጉ በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚደረግን ንግድ የሚያግድ ውል፣ “በትረስት መልክም ሆነ በሌላ”፣ ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር። “ንግድን ማገድ” ምን እንደሆነ ግን አልተተረጎመም፤ ትርጉሙ ለዳኞች ተተወ። ዳኞቹም በ1895 ተናገሩ። የስኳር ኩባንያው አራት የፊላዴልፊያ ማጣሪያዎችን ገዝቶ ከአገሪቱ የተጣራ ስኳር ከ90 በመቶ በላይ በእጁ አስገብቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ማምረት ንግድ አይደለም፣ ስለዚህ የፌዴራሉ ሕግ አይደርስበትም አለ። ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ስኳሩን ላለመሸጥ የሚገዛ ይመስል! ብቸኛው ተቃዋሚ ዳኛ ጆን ሃርላን ይህንኑ ተከራከረ። ይኸው ሕግ ግን በ1894 የፑልማን የባቡር ሠራተኞች አድማ ላይ ውሏል፤ የታችኛው ፍርድ ቤት በሸርማን ሕግ አድማውን አገደ፣ የማኅበሩ መሪ ዩጂን ዴብስም ትእዛዝ ጥሷል ተብሎ ስድስት ወር ታሰረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይከታተላል። በ1896 ማርክ ሃና የማኪንሊን የፕሬዚዳንትነት ዘመቻ ሲመራ ባንኮችን በካፒታላቸው ልክ መዋጮ ጠየቀ፤ ስታንዳርድ ኦይል ብቻውን 250,000 ዶላር ሰጠ። ኩባንያዎች ለፌዴራል ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጡ የሚከለክለው ሕግ የወጣው ገና በ1907 ነው። በ1899 ስታንዳርድ ሙሉ በሙሉ ወደ ኒውጀርሲ ዞረ፤ የዚያው ኩባንያ ካፒታል ከ10 ሚሊዮን ወደ 110 ሚሊዮን ዶላር አደገ። ከ1895 እስከ 1904 ባለው ጊዜ ከ1,800 የሚበልጡ ድርጅቶች በውህደት ጠፉ። እነዚህ ውህደቶች በጥብቅ ትርጉሙ ትረስት አይደሉም፤ ትረስት የሚባለው የሕግ ዘዴ በአሥር ዓመት ዕድሜው ሞቶ ነበር። በሕይወት የቀረው ስሙ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 1911 ስታንዳርድ ኦይል ሞኖፖል ነውና ይበተን ብሎ ወሰነ፤ ከአንዱ 34 ኩባንያዎች ወጡ። አበታተኑ ልብ ይባል። ንብረቱ ለሌላ ሰው አልተሸጠም፤ የኒውጀርሲው ኩባንያ ባለአክሲዮን ለያዘው አክሲዮን በመጠኑ ከእያንዳንዱ አዲስ ኩባንያ ክፍልፋይ ተሰጠው። ከጠቅላላው ሩብ ያህሉን ይዞ የነበረው ሮክፌለር የሁሉም ሩብ ባለቤት ሆነ፤ አክሲዮኖቹ ገበያ ላይ ሲወጡ ዋጋቸው ናረና ሀብቱ ከመበተኑ በፊት ከነበረው በለጠ። ከ34ቱ አንዱ የኒውዮርክ ስታንዳርድ ኦይል ነው፤ ኋላ ሞቢል ተብሎ፣ ማደያዎቹ አዲስ አበባ ድረስ ደርሰው እኛም በስሙ ስንጠራቸው ኖረናል። ሌላው የኒውጀርሲው ነው፤ ኤክሶን ተባለ። ሁለቱ በ1999 እንደገና አንድ ኩባንያ ሆነዋል።