«ቆፍሮ ማውጣት ነዋ!»

ባለፈው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ጠረጴዛችን ላይ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ሥራዬን ጠየቁኝ። «ከጋዝ ስቴሽን ታንክ የፈሰሰ ነዳጅ የበከለውን መሬት እናጸዳለን» አልኳቸው። «እሱማ ምን አለው፣ ቆፍሮ ማውጣት ነዋ!» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ሰርግ ስለሆነ ዝም አልኩ።

በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሆኖኛል። በዲሲ ዙሪያ ጋዝ ስቴሽን የያዘ ሐበሻ ብዙ ነው። ስለዚህ ይቺን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛም በአማርኛም እስኪያንገሸግሸኝ ሰምቻታለሁ። ወደ እሷ ከመግባቴ በፊት ሌሎቹን ትናንሽ የተሳሳቱ አባባሎች ላሳልፍ።

«ነዳጅ አይደል፣ ተንኖ ይጠፋል።» አስፋልት ላይ የፈሰሰው፣ አዎ። 3 ሜትር መሬት ውስጥ ያለው ግን በየት በኩል ይተናል? መውጫ ካገኘም አንዳንዴ የጎረቤት ቤዝመንት ነው።

«አይሸትም፣ ስለዚህ የለም።» ነዳጁ ውስጥ ቤንዝን የሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ። አሜሪካ ውስጥ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው መጠን ከአንድ ቢሊዮን 5 እጅ ነው። አፍንጫ የሚነቃው ከዚያ እጅግ በላይ ሲሆን ነው።

«ታንኩ አዲስ ነው፣ ፋይበርግላስ ነው።» ቧንቧውስ? መጋጠሚያውስ? እዚሁ ሜሪላንድ፣ ጃክሰንቪል ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. ከአንድ ጋዝ ስቴሽን ወደ 26,000 ጋሎን ነዳጅ መሬት ገባ። ከአንድ ወር በላይ ማንም አላወቀም። የተበሳው ቧንቧ ነበር። የአካባቢው ሰው ደግሞ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው።

«ቢያፈስም ጠብታ ነው።» ወርሃዊው የፍሳሽ ፍተሻ እንዲይዝ የሚጠበቅበት በሰዓት 0.2 ጋሎን ነው። ትንሽ ይመስላል። በ30 ቀን አባዙት፤ 144 ጋሎን ይመጣል።

አሁን ወደ ጋሼ እንመለስ።

መቆፈር ስህተት ነው አላልኩም። ታንኩ ሲወጣ በዙሪያው ያለው የራሰ አፈር አብሮ ይወጣል፣ ፈቃድ ወዳለው ቦታም ይጫናል። ፍሳሹ ጥቂት ከሆነና የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ ከሆነ፣ በዚያው ሊያልቅ ይችላል። ችግሩ ነዳጅ የፈሰሰበት ቦታ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም። ወደ ታች ይሰርጋል። የከርሰ ምድር ውሃው ላይ ሲደርስ፣ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከፊሉም ይሟሟና ከውሃው ጋር ይጓዛል።

ወጥ የሠራ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ወጡ ሲጎድል የድስቱን ግድግዳ ቀብቶ ይወርዳል። መሬት ውስጥም እንደዚያው ነው። ውሃው በዝናብ ወራት ከፍ፣ በደረቅ ወራት ዝቅ ይላል። ነዳጁም አብሮ እየወጣና እየወረደ አፈሩን ይቀባዋል። የተቀባው አፈር በመንገዱ ሥር፣ በሱቁ ሥር፣ በጎረቤት ግቢ ሥር ይሆናል። እሱንስ በምን ትቆፍሩታላችሁ?

አንድ የማውቀው ሰው ጋዝ ስቴሽን ሲገዛ ሻጩ «አጽድቻለሁ» ብሎ ፎቶ አሳየው። ትልቅ ጉድጓድ፣ የጭነት መኪናዎች፣ ንጹሕ አሸዋ። አመነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊሸጥ ሲል የገዢው ባንክ የአፈር ምርመራ ጠየቀ። እኛ ቆፍረን ናሙና አወጣን። እስከ 4 ሜትር አሸዋው ንጹሕ ነው። 7 ሜትር ላይ፣ ውሃው ላይ፣ የጣት ርዝመት ያህል ነዳጅ ተንሳፍፎ አገኘን። ሽያጩ እዚያው ቀረ።

ለእሱ የተከልነው ማሽን ምትሃት አይደለም። ጠባብ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ በቫኪዩም ትነቱ ይሳባል፤ ከውሃው በታች አየር ይነፋል። አየሩ ባክቴሪያዎቹንም ያነቃል። ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ አሉ፤ የጎደላቸው ኦክስጅን ነው። በጠርሙስ ባክቴሪያ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ብዙ ስለማይተን ቫኪዩሙ ያን ያህል አያግዝም፤ ዋናው ሥራ የባክቴሪያዎቹ ነው።

ይሄ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። ማሽኑን አጥፍተን ውጤቱ ንጹሕ ሲወጣ ደስ ይለናል። አንዳንዴ ግን ከስድስት ወር በኋላ የብክለቱ ቁጥር ተመልሶ ከፍ ይላል። የሸክላ አፈር ውስጥ ተወትፎ የቀረው ቀስ እያለ ይወጣላ! ያን ጊዜ «አጽድተናል ብላችሁ አልነበር?» የሚል ስልክ ይደወልልኛል።

ስለዚህ ልትገዙ ካሰባችሁ ፎቶውን ተዉት። ከስቴቱ የተሰጠ፣ ጽዳቱ አልቋል የሚል የመዝጊያ ደብዳቤ ጠይቁ። ቢያንስ የአንድ ዓመት የውሃ ምርመራ ውጤት ጠይቁ፤ ውሃው ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም የተወሰደ ይሁን። የራሳችሁን ባለሙያ ቅጠሩ፤ የሻጩን ወዳጅ አይደለም። «ያፈሰሰው የድሮው ባለቤት ነው» የምትለዋን መከራከሪያ ለጠበቃችሁ ተዉለት፤ መንግሥት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የአሁኑን ባለቤት በር ነው። ታንኩን ይዛችሁ ፍሳሽ ከጠረጠራችሁ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ እንድታሳውቁ ያዛል። ሰኞ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ጋሼም ለካ አንድ ጋዝ ስቴሽን ሊገዙ እየተደራደሩ ነበር። ኬኩ ሲቆረጥ ስልካቸውን አውጥተው የጉድጓድ ፎቶ አሳዩኝ። «ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው?» አልኳቸው።

«የምን ውሃ?» አሉኝ።