ጦም ያደረ ማሳ፦ የሚባለውና እውነታው

ሐምሌ ሲገባ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ቢሮዎች ሠራተኛና ችግኝ የጫኑ አውቶቡሶች ይወጣሉ። አንዳንዶቹ የሚያመሩት አፈሩ ተሟጦ፣ ዝናቡ አጥሮ ባለቤቱ ወደተወው ማሳ ነው። መንገድ ላይ ስለዚህ መሬት የሚወራው ብዙው ግማሽ እውነት ነው፤ ችግኙን የሚያደርቀው ሌላው ግማሽ ነው።

«ማረሻ ከቆመ ጫካው ራሱ ይመለሳል»

ሰርዶማ ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ዛፉ ሌላ ጉዳይ ነው። በደረቅ ደጋችን አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘው ዘር በአብዛኛው የሣርና የአረም ነው። የብዙ አገር በቀል ዛፎች ዘር መሬት ውስጥ ዓመታት አይቆይም፤ የተረፈውንም ተደጋጋሚ እርሻ እያበቀለና እየገለበጠ ጨርሶታል። ስለዚህ ዘሩ ከውጭ መምጣት አለበት። ካመጪዎቹ ዋነኛዋ ወፍ ናት። በአቅራቢያ የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ገደል ያዳነው ዛፍ ካለ መጠበቅ ያዋጣል። ከሌለ አጥሮ መቀመጥ ብዙውን ጊዜ ከሣር አያልፍም፤ መዝራት ወይም መትከል ግድ ይላል።

«ቁጥቋጦውን መንጥረን በዛፍ እንተካው»

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ይህ ነው። ወፍ የምታርፈው ቁጥቋጦ ላይ ነው፤ የበላችውን የወይራ ዘር የምትጥለውም እዚያው ሥር። ትግራይ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ ገላጣ ላይ ከሚተከል ይልቅ በደደሆና በመሰል ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር የተሻለ እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ጥላው የበጋውን ፀሐይ ይሰብራል፣ የረገፈው ቅጠል እርጥበት ይይዛል፣ ከብትም ደደሆን ስለማይወደው እምብዛም አይጠጋም። ስለዚህ ደደሆ፣ ክትክታ ወይም አጋም ካለ አትንኩት። ችግኙን ከቁጥቋጦው በስተምሥራቅ፣ ከቅርንጫፉ ጠርዝ ገባ አድርጋችሁ ብትተክሉት የከሰዓቱ ፀሐይ አያገኘውም። ችግኙን የሚሻማው ሣር ነው። በዙሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ያለውን ነቅላችሁ አፈሩን አልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ።

«ዋናው የችግኝ ብዛት ነው»

ዋናው ውሃ ነው። የበሬ ማረሻ ዓመት ከዓመት አንድ ጥልቀት ላይ ሲመላለስ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የጠጠረ ንጣፍ ይፈጠራል። ዝናቡ በላዩ ይፈሳል፣ ሥርም አይበሳውም። ከጥሩ ዝናብ ማግስት 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ ላዩ ረጥቦ ታቹ ደረቅ ከሆነ ከችግኙ በፊት ትሬንች (ውሃ ማስረጊያ ቦይ) ያስፈልጋል። የተለመደው ልክ ርዝመቱ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚወጣው አፈር ከታች በኩል ይከመራል። ትሬንቹ የሚከተለው ኮንቱር (የእኩል ከፍታ መስመር) ከተሳተ ውሃው በዝቅተኛው ጫፍ ጥሶ ይወጣና ራሱ ቦረቦር ይሆናል። ተከላው አፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከራሰ በኋላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያቆምበታል። ችግኙ የበቀለበትን ፕላስቲክ ደግሞ ቀዶ መተው አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ጉቶ መፈለግም አለ። ሕያው ጉቶ ሥሩ አስቀድሞ ጠልቋል፤ ንጣፉም አያስጨንቀውም። ካቆጠቆጡት ጠንካሮቹን 2 ወይም 3 አስቀርቶ ሌላውን መቁረጥ፣ ከቀሩትም ከታች እስከ ቁመታቸው ግማሽ ያሉትን ቅርንጫፎች መመልመል ነው። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያገገመው በአመዛኙ በዚህ መንገድ ነው። በዋጋም ከችግኝ እጅግ ይረክሳል።

«ፍየል ካለ ተስፋ የለውም»

ለጋ ችግኝ ላይ እውነት ነው። የግራርን ፍሬ በልቶ ጠንካራውን ዘር በበጠጡ የሚዘራው ግን ያው ፍየል ነው። ቦታውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከልሎ፣ ሣሩን ዘሩ ከረገፈ በኋላ እያጨዱ ለከብት መውሰድ ይሠራል። ሣሩ የተከለከለ ገበሬ ክልሉን ሌሊት ያፈርሰዋል፤ አይፈረድበትም።

«አረንጓዴ ከሆነ አገግሟል»

አዋሽ ተፋሰስ አሚባራ አካባቢ፣ በመስኖ ጥጥ ይመረትባቸው ከነበሩ ማሳዎች ብዙዎቹ የውሃ ማንጣፈፊያ ስላልነበራቸው የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨው ይዞ ወጣ፤ ማሳዎቹ ተተዉ፤ አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ ዛፍም ወረሳቸው። ከሩቅ ደን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ለከብት የሚሆን ሣር አይገኝም። ከመሬት በላይ ከተቆረጠ በዝቶ ያቆጠቁጣል። ጉቶው ከአፈር በታች ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ መቆረጥ አለበት። ቅንጭ አረም (ፓርቲኒየም) ደግሞ ሳያብብ ይነቀላል፤ ቆዳ ስለሚያስቆጣ በጓንት።

የማታውቁት ተክል ከበቀለ ሳትነቅሉት አበባና ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። በጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ በክብደት ተጫኑትና እስኪደርቅ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። የቦታውን ስምና ከፍታ ጽፋችሁ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ውሰዱት።