«በሂደት ላይ ነው» እና ሌሎች የኢንሹራንስ ተረቶች

በዚህ ወር አራተኛው ሰው ነው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለችው የጥብቅና ቢሮዬ ገባ፣ ወንበር ሳብ አደረገና ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አወጣ። ቪዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንሱን ከሶ በሚሊዮን ዶላር ስለተፈረደለት ሰው ያወራል። «እኔንም እንደዚህ ክሰስልኝ፤ ሆን ብለው ነው የሚያጉላሉኝ» አለኝ። ማጉላላታቸውን እኔም አልጠራጠርም። አደጋው መቼ እንደደረሰ ስጠይቀው ግን «ኧረ ቆየ» አለኝ። «ቆየ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ሆዴ ይላወሳል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«ሶስተኛ ወገን አለኝ፣ መኪናዬን ያሠሩልኛል።» አያሠሩልህም። ስሙ እኮ ራሱ ይናገራል፤ አንተ ለጎዳኸው ሰው ነው።

«ጥፋቱ የሾፌሬ ከሆነ አይከፍሉም።» ሰው ኢንሹራንስ የሚገባው እኮ ስለሚሳሳት ነው። ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ እንደሚደርሰው ያለ፣ ውሉ በግልጽ ያስወጣው ነገርም ሌላ ነው።

«አዲሱ የንግድ ሕግ የድሮውን ሽሮታል።» ይህን ከጠበቆችም እሰማለሁ፣ ያሳፍራል። አዋጅ 1243/2013 የመድኑን ክፍል አልነካውም። ከቁጥር 654 ጀምሮ ያለው የ1952ቱ ሕግ ዛሬም ይሠራል።

«ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያ ሄጄ ነው የምከሰው።» ውሉን የፈረምከው ጅማ ቅርንጫፍ፣ ንብረቱም እዚሁ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ምን ያስኬድሃል? የፖሊሲህን፣ ማለትም የመድን ውልህን፣ የመጨረሻ ገጾች ግን እያቸው፤ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ መንገዱ ይለያል። ለትርጉምም ገንዘብ ያዝ። ፖሊሲው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ አንተ የምታስረዳኝ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ነው፣ ክሱ እዚህ የሚጻፈው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ነው። ሦስት ቋንቋ ለአንድ መኪና።

«ብሔራዊ ባንክ ሄጄ አሳያቸዋለሁ።» አቤቱታ ማቅረብ ትችላለህ፣ አንዳንዴም ይሠራል። ተቆጣጣሪያቸው ነውና መሳቢያ ውስጥ የተኛ ፋይል ሊነቃ ይችላል። ዳኛ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልምጣ።

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች ኢንሹራንስ ያለ በቂ ምክንያት ሲከለክል ወይም ሲያጓትት ውል ከመጣስ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከጉዳቱ ካሳ በላይ የቅጣት ካሳ ሊጨመርበት ይችላል። ሰው በቪዲዮ የሚያየው ይሄን ነው። መጨረሻውን ግን አያይም። ስቴት ፋርም የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ዝነኛ ጉዳይ እንዲህ ነው። ደንበኛው በመኪና አደጋ ተከሶ ሳለ ኩባንያው ከከሳሾቹ ጋር በ50 ሺህ ዶላር መታረቅ ሲችል እምቢ አለ፤ ደንበኛው ላይ 185 ሺህ ዶላር ገደማ ተፈረደበት። ደንበኛው ኩባንያውን ከሰሰ፤ 1 ሚሊዮን ዶላር ካሳና 145 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተወሰነለት። ከዚያ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2003 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቅጣቱ ከልክ ያለፈ ነው ተባለና በኋላ ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። እነሱም ጋ ልክ አለው ማለት ነው።

እኛ ጋስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1732 ውል በቅን ልቦና ይተረጎማል ይላል። ጥሩ ቃል ነው፣ ክርክር ውስጥ እጠቀምበታለሁ። ግን «ኩባንያው ክፉ ነው» ብሎ ብቻ ሚሊዮን የሚያስቆጥር የቅጣት ካሳ የለንም። የምታገኘው ውሉ የሚለውን ገንዘብ፣ ለዘገየበት ሕጋዊ ወለድ 9 በመቶ፣ እና ወጪና ኪሳራ ነው። ከወለዱ በላይ የደረሰብህን ጉዳት የምታገኝበት በር አለ፣ ጠባብ ነው። 1 ሚሊዮን ብር ለአንድ ዓመት ቢያዝብህ 90 ሺህ ብር ማለት ነው። ባንክ ከዚያ በላይ እያበደረ 9 በመቶ ማንን ያስፈራል? አያስፈራም፤ ያናድደኛል፣ ግን ሕጉ እሱ ነው። ደግሞ አትርሱ፣ የዳኝነት ክፍያ በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ነው የሚሰላው። 20 ሚሊዮን ብር ቅጣት ብለህ ብትጽፍ የመጀመሪያው ተቀጪ አንተ ነህ፣ ገና መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ።

ወለዱ ደግሞ ከአደጋው ቀን ጀምሮ የሚቆጠር የሚመስላቸው አሉ። ዕዳውን እንዲከፍሉ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከሰጠህበት ቀን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «እንድትተባበሩኝ እጠይቃለሁ» ብለህ አትለማመጥ። «ይህን ያህል ብር እስከዚህ ቀን ክፈሉኝ» በል። ሁለት ቅጂ ያዝ፣ አንዱን ስጥ፣ በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርግ። ፖስታ ቤት ወረፋ ከበዛብህ በእግርህ ውሰደው።

«ግማሹን ነው የከፈሉኝ፣ ሌቦች!» ይሄ ሁልጊዜ ሌብነት አይደለም። ሒርማታ ገበያ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት እሳት ደርሶባቸው መጡ። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ያስመዘገቡት 2 ሚሊዮን ነው፣ አረቦኑ፣ ለመድኑ የሚከፍሉት ገንዘብ፣ እንዲቀንስላቸው። የተቃጠለው የ1 ሚሊዮን ነው። ኩባንያው 500 ሺህ ከፈለ። ትክክል ነው። ግማሽ ዋጋ ካስመዘገብክ ለሌላው ግማሽ መድን ሰጪው አንተው ነህ ማለት ነው፣ ከፊል ጉዳትም በዚያው መጠን ይከፈላል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የመኪናና የዕቃ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የድሮውን ዋጋ ይዞ በየዓመቱ «ያው ነው፣ አድሱልኝ» የሚል ሁሉ ይሄ ይደርስበታል። ዛሬ ፖሊሲህን አውጣና ቁጥሩን እይ።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። የክልከላ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «እንግዲህ ሕግ ነው» ብለው ቤታቸው የሚቀመጡ ሰዎች። ደብዳቤ ፍርድ አይደለም! አንተ ውሉን፣ አደጋውንና ጉዳቱን ታስረዳለህ፤ «ይሄ ከሽፋኑ ውጭ ነው» የሚል ወገን የራሱን ያስረዳ። አሻሚ የሆነ አንቀጽም ጽሑፉን ባዘጋጀው ላይ ነው የሚተረጎመው፣ ያዘጋጀው ደግሞ አንተ አይደለህም። የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በቁጥር ጠቅሰው እንዲጽፉልህ ጠይቅ። ቁጥር ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ አይቻለሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ «ቆየ»።

«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው እስካሉኝ ድረስ መብቴ አይጠፋም።» ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሚጠፋው የጨዋ ሰው መብት ነው።

ሀጂ ብዬ ልጥራቸው። ቡና የሚጭን አይሱዙ ነበራቸው። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለና ተገለበጠ፤ ሾፌሩ አልሃምዱሊላህ ተርፏል። ቢሮዬ የመጡት ጥቁር ፌስታል ይዘው ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት፤ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ ፎቶ፣ የጋራዥ ፕሮፎርማ፣ ራሳቸው የጻፏቸው 11 ደብዳቤዎች፣ እያንዳንዱ ማኅተም ያለበት። ከኩባንያው የመጡት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ ነው፣ ጥያቄዎ በሂደት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠብቁን።

«ሀጂ፣ አደጋው መቼ ነው?»

«ሐምሌ ነው ልጄ። ያምናው ሳይሆን፣ ካቻምናም ሳይሆን፣ የዚያኛው።»

ሐምሌ 2013 ማለታቸው ነው። እኔ ጋ የመጡት ጥቅምት 2016። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።

«ለምን እስካሁን ዝም አሉ?»

«ዝም አላልኩም፣ በየወሩ እሄዳለሁ። ክሌም፣ የካሳ ጥያቄው ክፍል፣ ያለው ልጅ ጨዋ ነው፣ ሻይ ሳያጠጣኝ ሸኝቶኝ አያውቅም።»

ንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል ይላል። ይርጋ ማለት መብትህን የምትጠይቅበት የጊዜ ገደብ ነው። የሚቆጠረው አደጋው ከደረሰበት ወይም ከታወቀበት ቀን ነው፣ ሻይ ከጠጣህበት ቀን አይደለም። ሀጂ «ሞክርልኝ» አሉ፣ ሞከርኩ። የኩባንያው ጠበቃ ያመጣው መቃወሚያ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። መዝገቡ ተዘጋ። ፕላኑን የተመለከተው የለም፣ ፎቶውን የተመለከተው የለም፤ ኩባንያው መክፈል ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተነሳም። ያን ቀን ከችሎት ስንወጣ ሀጂ ያሉኝ «ልጁ ግን ጨዋ ነበር» ነው። ምን ልበላቸው?

ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሳም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 ይከለክለዋል። ስለዚህ «ምናልባት ኩባንያዎቹ አያነሱት ይሆናል» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ያነሳሉ ወዳጄ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያነሳሉ።

ታዲያ ጊዜውን የሚያቋርጠው ምንድን ነው? የዚያው ሕግ ቁጥር 1851 ሁለት ነገር ይላል፤ ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ወይም ክስ ከቀረበ። «በሂደት ላይ ነው» ማመን አይደለም። «እያጣራን ነው» ማመን አይደለም። ስልክ ላይ «አይዞህ ይከፈልሃል» ቢሉህም በምን ታስረዳለህ? አንድ ሌላ ደንበኛ ነበረኝ፣ ሚኒባስ ያለው። እሱም ቆይቶ ነው የመጣው። ወረቀቶቹን ስገላብጥ ግን አንዲት ደብዳቤ አገኘሁ፣ ለጥገናው 210 ሺህ ብር ለመክፈል ዝግጁ ነን የምትል፣ ፊርማና ማኅተም ያላት። እሱ በገንዘቡ ማነስ ተናዶ ሊቀዳት ነበር አሉ። ያቺ ደብዳቤ ዕዳውን ማመን ስለሆነች ቆጠራው ከእሷ ቀን እንደ አዲስ ጀመረ፤ መቃወሚያው ወደቀ። ስለዚህ የሚያናድድ ደብዳቤ ሲመጣ አትቅደዱ። ያነሰ ገንዘብ የሚያቀርብ ወረቀት ምንም ከማያቀርብ ትሕትና ይሻላል።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ደንበኛ ሲመጣ የአደጋውን ቀን ፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ የ18ኛውን ወር ቀን። 18ኛው ወር ሲደርስ ድርድሩ የትም ይድረስ የትም ክሱን አስገባለሁ። «ልንከፍል ስንል ከሰስከን» ብለው ያኮርፋሉ። ያኩርፉ። መዝገብ ከተከፈተ በኋላም መታረቅ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው የሚያልቀው፤ እንዲያውም የቀጠሮ ቀን ሲቀርብ ነው ስልኬ የሚጠራው።

ስትታረቁ ደግሞ የምትፈርሙትን አንብቡ። «ገንዘቡን ልቀበልና ቀሪውን እከሳለሁ» የሚል ሰው አላጣም። ቼኩን ከመስጠታቸው በፊት የሚያስፈርሙህ ወረቀት «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ከፈረምክ በኋላ ተጭበርብሬያለሁ ብለህ ማፍረስ ዳገት ነው። ያልተካደውን ብቻ ልትቀበል ከፈለግህ «ቀሪ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» የምትል ሐረግ አስገባ። እምቢ ካሉ አትፈርም፣ እምቢታቸውንም በጽሑፍ ጠይቅ። ቸግሮህ ከሆነ፣ ልጅ ታሞብህ ከሆነ፣ ፈርም፤ ማንም አይፈርድብህም። ግን እያወቅህ ፈርም።

ባለቪዲዮውስ? አደጋው የደረሰበት አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆኖታል። ስለ አሜሪካ ማውራቱን ተወው አልኩትና በማግስቱ የዳኝነት ክፍያውን ይዞ እንዲመጣ ቀጠርኩት። መጣ፣ ግን ሌላ ቪዲዮ ይዞ።

ሀጂ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት በልጃቸው ሌላ ፌስታል ላኩልኝ። አሁን የባጃጅ ነው። ከሁሉ በፊት የፕላኑን ቀን ፈለግሁ። ሦስት ሳምንት። ቡናዬን ልጁ እንዲያስመጣልኝ ነገርኩትና ቀይ እስክሪብቶዬን መፈለግ ጀመርኩ።