የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ምንድን ነው?

ባደግኩባት ትንሽ ከተማ ባጃጅ ከተሳፈራችሁ «አውራጃ ጋ ወራጅ አለ!» ሲባል መስማታችሁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚለው ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። አውራጃ የሚባለው የመንግሥት እርከን የቀረው እሱ ሳይወለድ ነው። ስሙን የያዘው ቆርቆሮው የዛገ፣ በረንዳው ሰፊ የሆነ አንድ አሮጌ ቤት ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1934 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለ። አውራጃ ማለት እንግዲህ ከጠቅላይ ግዛቱ በታች፣ ከወረዳው በላይ ያለው እርከን ነው። ሸዋን ብንወስድ ሰላሌ፣ መንዝና ግሼ፣ ተጉለትና ቡልጋ፣ ጨቦና ጉራጌ፣ ጅባትና ሜጫ አውራጃዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ስሞች ጥንድ ጥንድ መሆናቸውን ልብ በሉ። ብዙዎቹ የጥንት አገር ስሞች ናቸው፤ መንግሥት አጣመራቸው እንጂ አልፈጠራቸውም። ለዚህ ይመስለኛል መዋቅሩ ሲፈርስ ስሞቹ ያልጠፉት።

ጽሕፈት ቤቱስ ምን ይመስል ነበር? እንደየአገሩ ነው። አንዳንዱ ጋ ጣሊያኖች ለራሳቸው አስተዳደር የሠሩት የድንጋይ ቤት ለገዢው ተረፈው። ሌላው ጋ የጭቃ ግድግዳ፣ የጣውላ ወለልና የቆርቆሮ ክዳን ነው። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ቢያየው ብዙም ላይደነቅ ይችላል። እንደ ጎንደር ግንብ ፎቶ የሚነሱበት አይደለም። ግን ለገበሬው መንግሥት ማለት ይህ ቤት ነበር። ንጉሡን በዕድሜው አንድ ጊዜም ላያይ ይችላል። የአውራጃ ገዢውን በረንዳ ግን ያውቃታል። ያውም በደንብ።

ምክንያቱም ደጅ ይጠናበታል። ባለጉዳይ ከሩቅ በእግሩ መጥቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ዛፍ ጥላ ስር ይቀመጣል። ራፖር ጸሐፊው አቤቱታውን ይጽፍለታል። ከዚያ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ነገም እንደዚያው። ገዢው ለብዙ ጊዜ በችሎትም ይሰየም ስለነበር የሚያስተዳድርህም የሚፈርድብህም አንድ ሰው ነበር። ይህን ስታስቡ የግቢው ስፋት ይገባችኋል። ሰፊ የሆነው ለማማር አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ነው።

ከክፍሎቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ መዝገብ ቤቱ ነው። መሬት በወረቀት ላይ ለም፣ ለም ጠፍ (መካከለኛ)፣ ጠፍ (ደካማ) ተብሎ ይመደብ ነበር። በ1934ቱ የግብር አዋጅ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ተተመነ። በ1937 ዓ.ም. የአሥራት ክፍያ ሲጨመርበት ለሙ 50፣ ለም ጠፉ 40፣ ጠፉ 15 ብር ደረሰ። (ጎጃምን የመሰሉ የርስት አገሮች ሂሳባቸው ለየት ይል ነበር።) መሬትህ የትኛው መደብ ውስጥ ወደቀ የሚለው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ነው። ለዚህም ነው ስለ ልኬትና ስለ ምደባ ያ ሁሉ ሙግት የነበረው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መነሳቱም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።

በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በከፊል እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። በደርግ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር፣ ገዢው አስተዳዳሪ ተባለ፤ አውራጃው ግን ስሙን ይዞ ቀጠለ። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ በአዲሱ የክልሎች አወቃቀር አውራጃ ቀረ። ሥራው ለወረዳና ለዞን ተከፋፈለ፤ ቤቱ ደግሞ ለተገኘው መሥሪያ ቤት ተሰጠ። እኛ ጋ መጀመሪያ መጋዘን ሆነ። ቀጥሎ የአንድ ጽሕፈት ቤት ቅርንጫፍ ገባበት፤ የጣውላ ወለሉን ነቅሎ ሴራሚክ አነጠፈበት። አሁን ከጎኑ ጂ ፕላስ ፎር እየተሠራ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መገመት አይከብድም።

እንዲህ ያለ ቤት ቅርስ ነው ወይ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን የሚለካው በውበት ወይም በዕድሜ ብቻ አይደለም። የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ ታሪካዊ፣ ባህላዊ ወይም ሳይንሳዊ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ሊገባበት ይችላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ሌላ አዋጅ ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። የአውራጃ ቤት የሚገባው ወደ ክልሉ መደብ ይመስለኛል። ችግሩ ያለው ምዝገባው ላይ ነው። ያልተመዘገበ ቤት በወረቀት ላይ ተራ አሮጌ ቤት ስለሆነ፣ አፍርሱት ሲባል የሚከራከርለት አያገኝም። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ተቆርቋሪ አላቸው። ደጅ የተጠናበትን በረንዳ ማን ያስመዘግበው? ግማሹ ሰው የሚያስታውሰው በምሬት ነው።

ቤቱ ቢተርፍ እንኳ መዝገቡ ከሌለ ግማሹ የለም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የድሮ የጎጃም አስተዳደር ሰነዶችን ሰብስቦ በመያዙ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቀሙባቸዋል። ሁሉም አገር ግን እንዲህ አልታደለም። የእኛ ከተማ ፋይሎች ደርግ በወደቀበት ሰሞን ሜዳ ላይ ተበትነው ሱቆች ስኳር ጠቀለሉባቸው። የአያቴ ካርኒ ግን አለ። ግብር የተከፈለበት ካርኒ በርስት ክርክር ማስረጃ ስለነበር ገበሬው ከብር አስበልጦ ይይዘው ነበር። ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ማኅተሙ ደብዝዞ ተቀምጧል። ላዩ ላይ «ለም ጠፍ» ይላል። አያቴ እስኪሞት ድረስ መሬቱ ጠፍ ነው ብሎ እንደተከራከረ ነው።