ቢጫዋ ጊታር፦ ስለ አንድ የሩሲያውያን ዘፈን የሚነገሩ ስሕተቶች

ሩሲያውያን በእሳት ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ የሚዘፍኑት አንድ ዘፈን አለ። ቢጫ ጊታር በማቀፍ ይጀምራል፤ አዝማቹ «ዛሬ ሁላችንም እዚህ መሰብሰባችን እንዴት ደስ ይላል» ይላል። ተወዳጅነቱ ብዙ የተሳሳተ ወሬም አትርፎለታል።

«የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ደራሲ የለውም»

አለው። ኦሌግ ሚትያዬቭ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በኡራል አካባቢ በምትገኘው የፋብሪካ ከተማ በቼልያቢንስክ ተወለደ። ዘፈኑን በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲጽፍ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የተማረውም ሙዚቃ ሳይሆን የሰውነት ማጎልመሻ ነው። ዘፋኙ ሁሉ ደራሲውን ረስቶ ግጥሙን በቃሉ መያዙ ለእኔ ስድብ ሳይሆን ሽልማት ነው።

«ባርድ ማለት የእነርሱ አዝማሪ ነው»

ጊታሩንና ግጥሙን ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አዝማሪ በሙያው የሚተዳደር፣ ከአድማጩ ጋር እየተቀባበለ ስንኝ የሚፈጥር ባለሙያ ነው። የራሳቸውን ግጥም በጊታር የሚዘፍኑት የሶቭየት ዘመን ባርዶች ግን ብዙዎቹ መሐንዲሶች፣ መምህራንና የጂኦሎጂ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሚዘፍኑትም ከሥራ በኋላ፣ ለጓደኞቻቸው ነው። ድምፅ ማሳመር ግዴታ አልነበረም፤ ግጥሙ ከተሰማ በቂ ነው።

«ለግሩሺን ፌስቲቫል ተብሎ የተጻፈ ነው»

ይህ ስሕተት ምክንያት አለው። ቫሌሪ ግሩሺን በኩይቢሼቭ፣ በዛሬዋ ሳማራ፣ የአቪዬሽን ተማሪ ነበር። በ1967 በሳይቤሪያ ለጉዞ በወጣበት በኡዳ ወንዝ የሚሰምጡ ሕፃናትን ሲያድን ራሱ ሰጠመ። ጓደኞቹ በዓመቱ በስሙ የዘፈን ስብሰባ አዘጋጁ። ስብሰባው እያደገ ሄዶ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይጎርፍበት ጀመር። መድረኩ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍና ጊታር የሚመስል ነው፤ ተመልካቹ ከፊት ለፊቱ ባለው ኮረብታ ላይ ይቀመጣል። የሚትያዬቭ ዘፈን እዚያ እንደ መዝሙር ስለሚዘፈን ለዚያው የተጻፈ ይመስላል። መጀመሪያ የተሰማው ግን ከዚያ ርቆ፣ በቼልያቢንስክ ክልል በሚያስ ከተማ አጠገብ በሚካሄደው የኢልመን ፌስቲቫል ነው። እነዚህ ስብሰባዎች ከዚያ በፊትም መዝሙር አጥተው አያውቁም፤ ባርዱ ቡላት ኦኩጃቫ በ1967 የጻፈው፣ ወዳጆችን እጅ ለእጅ እንያያዝ የሚለው ዘፈን አለ። የሚትያዬቭ ዘፈን አዲሱ መዝሙር ይሁን ብሎ ያወጀ ኮሚቴም አልነበረም።

«የፈንጠዝያ ዘፈን ነው»

አዝማቹን ብቻ ለሚያውቅ እውነት ይመስላል። ሦስተኛው አንጓ ግን ስማቸው በልብ ላይ እንደ ቁስል የደረቀ ሰዎችን፣ ማለትም የሞቱትን፣ ያስታውሳል። ከዚያ ያው አዝማች ይመለሳል። «ሁላችንም» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ሲዘፈን እነርሱንም የሚጨምር ይመስለኛል፤ የዘፈኑ ጥበብም ያለው እዚህ ላይ ነው።

«መንግሥት ያስፋፋው ነው» ወይም «የታገደ ዘፈን ነበር»

ሁለቱም ተጋንነዋል። የባርድ ዘፈን በዋናነት የተሠራጨው በቴፕ መቅረጫ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳና በደብተር እየተገለበጠ ነው። ባርዱ አሌክሳንደር ጋሊች በ1974 አገሩን ለቅቆ እንዲሄድ ተገድዷል፤ የግሩሺን ፌስቲቫልም በ1980 ተከልክሎ በ1986 ነው የተመለሰው። ሆኖም የዘፈን ክበቦች በየዩኒቨርሲቲው በግልጽ ይሠሩ ነበር። ስለ እሳትና ስለ ወዳጅነት የሚዘፍነውን ይህን ዘፈን ለመውደድም ጀግና መሆን አያስፈልግም ነበር።