ካውንትዳውን ምንድን ነው? «ይህን ያህል ጊዜ ቀርቷል» የሚለው ቁጥር እንዴት ይሰላል?

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ነው። ደሴ ያለ አንድ የጉዞ ማኅበር ተጓዦችን በድረ ገጽ ይመዘግባል እንበል። ገጹ አናት ላይ «ምዝገባው ሊዘጋ 2 ቀን ከ7 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ አለ። ሰከንዷ እያየናት ትወርዳለች። ካውንትዳውን የሚባለው ይሄው ነው። ወደፊት እስካለ አንድ ቅጽበት ድረስ የቀረውን ጊዜ እያሰላ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም።

ስሌቱ ተራ መቀነስ ነው፤ ከመዝጊያው ላይ «አሁን» ይቀነሳል። ቀንና ወርን እንዳሉ መቀናነስ ግን ራስ ምታት ስለሆነ ኮምፒውተር ጊዜን የሚይዘው በአንድ ረጅም ቁጥር ነው። ቁጥሩ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰከንድ አለፈ? መልሱ «አሁን» ነው። ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) ላይ የሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ በሰከንድ ይነግረናል፣ ብራውዘር ውስጥ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ደግሞ በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ። ከሰርቨር የመጣውን የሰከንድ ቁጥር በ1,000 ሳያባዛ ለጃቫስክሪፕት የሰጠ ሰው መዝጊያው ጃንዋሪ 1970 ላይ ሆኖ ያገኘዋል።

ልዩነቱ 200,000 ሰከንድ ወጣ እንበል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ 2 ቀን ይወጣና 27,200 ይተርፋል። ትርፉ ለ3,600 ሲካፈል 7 ሰዓት፣ የሚተርፈው 2,000። እሱ ለ60 ሲካፈል 33 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። አለቀ።

ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ በየሰከንዱ ሲታደስ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ 200,000ን ይይዝና ሴትኢንተርቫል በሚባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ በየሰከንዱ አንድ ይቀንሳል። ሲሞክረው አሪፍ ይሠራል። ነገር ግን ብራውዘሩ «በየሰከንዱ ቀስቅሰኝ» ሲባል በሰዓቱ ለመቀስቀስ ቃል አልገባም። ተጠቃሚው ወደ ሌላ ታብ ከሄደ ያዘገየዋል። ክሮም ከ88ኛው እትም ጀምሮ ከአምስት ደቂቃ በላይ የተደበቀን ገጽ በደቂቃ አንዴ ብቻ ሊቀሰቅስ ይችላል። የስልኩ ስክሪን ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ሊቆም ይችላል። ሰውየው ቴሌግራም ላይ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ገጹ ትቶት የሄደው ቁጥር አካባቢ ነው። ምዝገባው ግን ተዘግቷል።

ስለዚህ የቀረው ጊዜ መቀመጥ የለበትም። የሚቀመጠው መዝጊያው ብቻ ነው። በተቀሰቀሰ ቁጥር «አሁን» እንደ አዲስ ይጠየቅ፣ እንደ አዲስ ይቀነስ። ያኔ ገጹ ሰዓት ሙሉ ቢተኛም ሲነቃ ትክክለኛውን ይናገራል።

የማን «አሁን»? ጃቫስክሪፕት የሚጠይቀው የተጠቃሚውን ስልክ ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የምናነባቸው ማስተማሪያዎች የማያነሱት የእኛ አገር ጉዳይ አለ፤ ስልኩን በሐበሻ ሰዓት የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ጠዋት 8:00 ማለት የሚገባው ስልክ 2:00 ይላል። ለስልኩ ባለቤት ትክክል ነው፤ ለቆጣሪው ግን ስልኩ 6 ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ወረኢሉ ያለው ተጓዥ ገና 6 ተጨማሪ ሰዓት ያለው ይመስለዋል። መፍትሔው ገጹ ሲከፈት ሰርቨሩ የራሱን ሰዓት አብሮ እንዲልክ ማድረግ ነው። ገጹ የሁለቱን ልዩነት አንዴ ይይዛል፣ ከዚያ የስልኩን ሰዓት ባየ ቁጥር ልዩነቱን ይደምርበታል።

መዝጊያው ራሱም ቢሆን በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። ለጃቫስክሪፕት «2026-09-25» ብቻ ብትሰጡት የሚረዳው በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው፤ ያ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ሰዓቱን ጨምሩበት፣ መጨረሻ ላይም የኢትዮጵያን +03:00 ጻፉ። ከዚህ የባሰው ግን «መስከረም 15 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይዘጋል» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ለማሽኑ ሴፕቴምበር 25፣ ማለትም መስከረም 15፣ የሚጀምረው በዋዜማው ሌሊት ነው። ለእኛ ያ ሌሊት ገና የ14 ነው፤ የ15 ሌሊት የምንለው ቀኑ ከመሸ በኋላ ያለውን ነው። የአንድ ሙሉ ቀን ልዩነት! እኔ ብሆን «ከቀኑ 11 ሰዓት» ብዬ እገላገል ነበር።

የቀን መቁጠሪያውም አለ። መስከረም 21 አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን በቀጣዩ ዓመት ወደ ኦክቶበር 2 ይገፋል፣ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም.። ኮዱ ውስጥ ኦክቶበር 1 ብሎ ቸክሎ የተወ ሰው ያን ዓመት በአንድ ቀን ይስታል። ብራውዘሮች ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላሉ፤ ከእኛ ወደ ፈረንጅ መቀየሩን ግን የቆዩት ብራውዘሮች ለፕሮግራመሩ ይተዉታል።

አቀራረቡ ላይ ብዙ አልልም። ቀናት ሲቀሩ ሰከንድ ማሳየት ሰው ማጣደፍ ነው፤ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ቢወጣ ይበቃል። የሽያጭ ገጾች ላይ ሪፍሬሽ ሲደረግ ከ10 ደቂቃ እንደገና የሚጀምረው ቆጣሪማ ምንም አይቆጥርም፣ ማታለያ ነው።

ዜሮ ሲደርስ ቆጣሪው ይቁም፣ «ምዝገባው ተዘግቷል» ይበል፤ ከዜሮ በታች የወረደ ሰዓት አይታይ። የመመዝገቢያው በተን ስለጠፋ ብቻ ግን ምዝገባው ተዘጋ ማለት አይደለም። ገጹ ያለው ተጠቃሚው እጅ ላይ ነውና ነካ ነካ የሚያደርግ ሰው በተኑን መልሶ ያወጣዋል። ዘግይቶ የመጣውን ቅጽ የራሱን ሰዓት አይቶ መመለስ ያለበት ሰርቨሩ ነው።