የድሮ ቼይንሶዎች፦ እድሳት፣ ጥገናና አጠቃቀም

የድሮ ቼይንሶ ወይም የሰንሰለት መጋዝ ሲባል በተለምዶ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን ማለት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው ማሽኑ አንድ ሰው ሊሸከመው እስኪችል የቀለለበት ጊዜ ሲሆን፣ መድረሻው የሰንሰለት ፍሬንና የንዝረት ማርገቢያ ጎማ በየማሽኑ ላይ መገጠም የጀመሩበት ነው። ቀፎው አብዛኛውን ጊዜ ማግኒዚየም፣ ማቀጣጠያው ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሣ የብረት መገናኛ)፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ዲያፍራም የሚባል ስስ ጎማ ያለው ነው።

የእነዚህ ማሽኖች ብረት በቀላሉ አያረጅም። የሚያረጀው ጎማው ነው። ጎማ ሲደርቅ ሞተሩ መሳብ የሌለበትን አየር ይስባል፤ ትርፍ አየር የሳበ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ፣ ቤንዚንም ዘይትም ያንሰዋል። ካንዴላ ተቀይሮለት፣ ካርቡሬተሩ ታጥቦ፣ አምሮ ተነሥቶ በሳምንቱ ፒስተኑ የሚጣበቀው ማሽን ብዙ ጊዜ የሞተው በዚህ ነው።

ከየት መጡ

አንድሪያስ ሽቲል በ1926 ሽቱትጋርት ላይ የሠራው የመጀመሪያ የሰንሰለት መጋዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራና 64 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነበር። በ1927 የኤሚል ሌርፕ የቤንዚን መጋዝ ዶልማር በተባለው የቱሪንጊያ ተራራ ላይ ተሞከረ፤ ኩባንያውም ስሙን ከተራራው ወሰደ። እነዚህ ሁሉ ሁለት ሰው የሚይዛቸው ነበሩ። ካርቡሬተሮቻቸው ባለ ተንሳፋፊ (በነዳጁ ላይ በሚንሳፈፍ ዕቃ መጠኑን የሚቆጣጠሩ) ስለነበሩ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት፤ ዛፍ ሲጣልና ግንድ ሲቆረጥ የሚዞረው ሞተሩ ሳይሆን ሰንሰለቱ የሚሄድበት ምላስ (ባር) ብቻ ነበር። ዲያፍራም ያለው ካርቡሬተር ሲመጣ ማሽኑን ወደ ጎንም ገልብጦም መቁረጥ ተቻለ።

ሁለተኛው ለውጥ በሰንሰለቱ ላይ ነው። የቀድሞው ሰንሰለት እንደ እጅ መጋዝ የሚቧጭር ጥርስ ነበረው፤ ቶሎ ይደንዝ፣ ለመሳልም ያስቸግር ነበር። ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ በ1946 የእንጨት ጥንዚዛ እጭ በሁለት መንጋጋው ግራና ቀኝ እያለ ግንድ ሲበላ አይቶ፣ ግራና ቀኝ የሚፈራረቅ ጠማማ ጥርስ ያለው ሰንሰለት ሠራ። ዛሬ የሚሸጠው ሰንሰለት ሁሉ ከዚያ የወረደ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የአሜሪካው ማካሎክ በ1949 ‘3-25’ የተባለውን 25 ፓውንድ (11 ኪሎ ግራም ገደማ) የሚመዝን የአንድ ሰው መጋዝ አወጣ። (የኩባንያው ባለቤት ሮበርት ማካሎክ በ1968 የለንደንን ድልድይ ገዝቶ ድንጋይ በድንጋይ ወደ አሪዞና ያስጫነው ሰው ነው።) ሽቲል በ1950 ‘ቢኤል’ን፣ በ1959 ደግሞ ‘ኮንትራ’ን አመጣ፤ የስዊድኑ ሁስክቫርናም የመጀመሪያ ቼይንሶውን ያወጣው በዚያው በ1959 ነው። ኮንትራ 106 ሲሲ፣ 6 የፈረስ ጉልበትና 12 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ጥርስ ማስተላለፊያውን ትቶ ሰንሰለቱን በቀጥታ ከፍሪሲዮኑ የሚያዞር ነው። ማስተላለፊያ ያላቸው የቀድሞ ማሽኖች ሰንሰለታቸው ቀስ ይላል፣ ጉልበታቸው ግን ከባድ ነው። ቀጥታ የሚያዞሩት ፈጣን ናቸው፤ ሲጫኗቸው ደግሞ ይቆማሉ። ለማደስ ለሚጀምር ሰው ቀጥታ የሚያዞረው ይሻላል፤ የሚፈታው ዕቃ ያንሳል።

ገመዱን ከመሳብ በፊት

ለዓመታት የተቀመጠን ማሽን መጀመሪያ ገመዱን እየሳቡ ማስጨነቅ ስሕተት ነው። ማርሚታውን ፈትቶ በጭስ መውጫው በኩል ፒስተኑን ማየት ይቀድማል። ጎኑ ለስላሳ ሆኖ የፋብሪካው ስስ መስመር ከታየ ደህና ነው። ከላይ ወደ ታች የተጫረ፣ አሉሚኒየሙ የተላጠ ከሆነ አንድ ጊዜ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ብቻ ቢቀየር ያው ይደገማል።

በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አሉሚኒየም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በትዕግሥት ይነሣል። አንዳንዶች አሲድ ይጠቀማሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን አሉሚኒየሙን ብቻ አይበላም፤ የሲሊንደሩን የክሮም ልባስ፣ የብረት እጅጌ ካለውም ብረቱን ይበላል፣ ማግኒዚየም ላይ ከፈሰሰማ ቀፎው ይበሳል።

የመጭመቂያ ግፊት መለኪያ ካለ ከ120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በላይ ጥሩ ነው፤ ከ90 በታች ማሽኑ ቀዝቅዞ ቢነሣም ሲሞቅ ያስቸግራል። ይህ ግን በባሕር ጠለል አካባቢ የሚሠራ ልክ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚያንስ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ ወደብ ላይ 150 የሚያነብ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ115 ብዙም አያልፍም። በውጭ መጽሐፍ ቁጥር ብቻ ተመርቶ ደህና ሞተር መፍታት የደጋ መካኒክ ወጥመድ ነው።

ፑንቲናው

እሳት ከሌለ ችግሩ ከቮላኖው፣ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ከሚዞረው ባለ ማግኔት ክብ ብረት፣ ሥር ነው። ቮላኖውን ለመፍታት ፒስተኑን ማስቆም ያስፈልጋል። ፒስተኑ የጭስ መውጫውን አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ ገመድ ይጨመራል፤ ጫፉ ውጭ ይቅር። ብረት ማስገባት ፒስተኑን ይበሳል። የቮላኖው ዳዶ በአብዛኞቹ ማሽኖች ወደ ግራ ይፈታል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ፍሪሲዮን ግን አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ጥርስ ስላለው ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የተሰበሩ የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፎች ብዙ ናቸው። ዳዶው እስከ ዘንጉ ጫፍ ድረስ ብቻ ተፈትቶ፣ ቮላኖው ወደ ውጭ ተወጥሮ ሳለ ዳዶው ላይ በነሐስ መዶሻ አንድ ጊዜ ደረቅ ምት ይበቃል። ባዶ ዘንግ ላይ መምታት ጥርሱን ያጠፋዋል።

ከሥሩ የሚገኘው ፑንቲና ለዓመታት ሲቀመጥ ግራጫ ዝገት ያለብሰዋል፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሸት፣ ከዚያ አልኮል የነካ ንጹሕ ካርድ በመሃሉ መሳብ ይበቃል። ካርዱ ካልተሳበ የወረቀቱ ብናኝ መሃሉ ይቀርና “አጸዳሁት፣ አሁንም እሳት የለውም” ይባላል። ክፍተቱ በብዙዎቹ ከ0.35 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካው ፑንቲናው በጣም በተከፈተበት ነጥብ ላይ ነው። ክፍተቱ ሲቀየር እሳቱ የሚወጣበት ጊዜም ይቀየራል፤ ስለዚህ በግምት አይተውም። ቦቢናው (እሳቱን የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል) እና የቮላኖው ማግኔት የሚራራቁት ደግሞ በ0.25–0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፖስታ ካርድ ውፍረት ያህል መሆኑ ነው።

ፑንቲናው ሲከፈት ብዙ ሰማያዊ ብልጭታ የሚረጭ ከሆነ ይህን ብልጭታ የሚያስቀረው ኮንደንሰር አልቋል። ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ ማሽኑ ገመዱን ከእጅ የሚነጥቅ ከሆነ ደግሞ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ትንሽ ብረት፣ ቺያቬታው፣ ተቆርጦ ቮላኖው ከቦታው ዞሯል።

ካርቡሬተሩና ነዳጁ

በዘመኑ በብዛት የተገጠመው ቲሎትሰን የተባለው ካርቡሬተር ነው። ኤችኤል የሚባለው ትልቁ ሲሆን ኤችኤስ የሚባለው አነስ ያለው ተከታዩ ነው። ሁለቱም ሁለት ዲያፍራም አላቸው። አንደኛው ከክራንክ ቤት በሚመጣ የግፊት ምት እየተነፈሰ ቤንዚን ከታንኩ የሚስብ ነው፤ ሌላው ደግሞ በአንዲት ትንሽ ዘንግ በኩል መርፌዋን እየከፈተ ልክ የሚሰጥ። ጤነኛ ዲያፍራም በጣት ሲነካ እንደ ስስ ጨርቅ ይታጠፋል፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ይጣላል። የጥገና ኪቶች ዛሬም ይሸጣሉ። ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መሃል የሚገባ ማሸጊያ) እና ዲያፍራም የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል በሁለቱ ጎኖች አንድ ስላልሆነ ሲፈታ በስልክ ፎቶ ማንሣት ብዙ ድካም ያድናል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ መጎርጎር አያስፈልግም፤ ማጽጃ ፈሳሽና መጠነኛ አየር ይበቃል።

ቤንዚን ውስጥ ያለ ኢታኖል የዚያን ዘመን ጎማ ያሳብጣል፣ ያደርቃል፤ ውኃም ይስባል። ይህ የአሜሪካ ችግር ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ከ2008 ጀምሮ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ ኢታኖል የተደባለቀበት ቤንዚን ስትጠቀም ቆይታለች። እርሳስ ያለው ቤንዚን ያስፈልጋል የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር እርሳሱ የሚከላከልለት ቫልቭም የቫልቭ መቀመጫም የለው።

የዘይቱ ነገር ሁልጊዜ ያከራክራል። በማሽኑ ላይ የተጻፈው 16 ለ 1 ወይም 20 ለ 1 ለዘመኑ ተራ የሞተር ዘይት የታሰበ ነው። በአሁኑ የሁለት ምት ዘይት 25 ለ 1፣ ማለትም በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ ለትልልቅና ዝግ ለሚሉ ማሽኖች አስተማማኝ ነው፤ 32 ለ 1ም (156 ሚሊ ሊትር) ብዙዎች ይጠቀማሉ። 50 ለ 1 ማድረግ የሚቆጥበው የጥቂት ብር ዘይት ነው፤ ለእነዚህ ማሽኖች ኩሽኔቶች (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) አይመከርም። ዘይት ሲጨመር በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን እንደሚያንስም አይረሳ፤ ስለዚህ የዘይቱ ልክ በተቀየረ ቁጥር ካርቡሬተሩ እንደገና ይስተካከላል።

አየር የሚያስገባው የት ነው

ከእድሳት ሥራ ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው። የጭስ መውጫውና የአየር መግቢያው በጎማ ይደፈናሉ (የካላማዳሪያ ቁራጭ ይበቃል)፣ ከዚያ ሞተሩ ውስጥ በእጅ ፓምፕ 0.5 ባር አየር ይነፋል። መለኪያው ለ20 ሰከንድ ያህል ካልወረደ ጥሩ ነው። ከወረደ የሳሙና ውኃ በክራንኩ ሁለት ጫፎች፣ በሲሊንደሩ ሥርና በካርቡሬተሩ መጋጠሚያ ይቀባል፤ አረፋ የሚነሣበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። ከዚያ በመምጠጥ ደግሞ ይሞከራል፤ ምክንያቱም የኦይል ሲል (በዘንጉ ዙሪያ አየር የሚዘጋ የጎማ ቀለበት) ከንፈር ሲነፋ ዘንጉን አንቆ ይዞ፣ ሲመጠጥ የሚለቅበት ጊዜ አለ። በነፋው ብቻ ረክቶ የተዘጋ ሞተር እንደገና መፈታቱ አይቀርም። ኦይል ሲል በማሽኑ ስም ባይገኝም በልኩ ይገኛል፤ የዘንጉ ውፍረት፣ የቤቱ ስፋትና ጥልቀቱ ከተለኩ ኩሽኔት የሚሸጥ ሱቅ አያጣውም።

ካርቡሬተሩን ለማስተካከል ሁለቱ ብሎኖች (የዝቅተኛና የከፍተኛ ፍጥነት ነዳጅ መቆጣጠሪያዎቹ) ቀስ ብለው እስኪነኩ ተዘግተው አንድ አንድ ዙር ይከፈታሉ። ማሽኑ ከሞቀ በኋላ ያለ እንጨት ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ድምፁ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ሲገባ ይጠራል። ያለ ጭነት ጥርት ብሎ የሚጮኽ ማሽን ለጆሮ ያምራል፣ ነዳጅ ግን አንሶታል። ከፍታም ይቆጠራል፤ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ማሽን ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርዶ ሳይነካ ከሠራ፣ አየሩ ስለሚወፍር ነዳጁ ያንስና ፒስተኑ ይበላል። የከፍተኛው ፍጥነት ብሎን መከፈት አለበት።

ቀፎና ቀለም

ማግኒዚየም ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበሰብሳል። ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ውኃ ቢደፋበት ይብሳል። ሥራው ውጭ፣ ደረቅ አሸዋ አጠገብ ተቀምጦ ቢሆን ይመረጣል። የተበላ የብሎን ጥርስ በብረት ጥቅል ማስገቢያ ይታደሳል። ያረጁ ጓርኒሲዮኖች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁም። ቀለምን በተመለከተ፣ የፋብሪካው ቀለም ግማሽ እንኳ ካለ መተው ይሻላል፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን ከሩቅ ያምራል፣ ታሪኩ ግን ተፍቋል።

ሲሠራበት

ትልልቆቹ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ የ0.404 ኢንች ሰንሰለት ይይዛሉ (ልኩ በሦስት ተከታታይ ሚስማሮች መካከል ያለው ርቀት ለሁለት ሲካፈል ነው)፤ የሚሳለው በ5.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ፣ በ30 ዲግሪ ግድም ነው። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከጥርሱ አናት 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከዚያ በላይ ዝቅ ማድረግ ሰንሰለቱን አያፈጥነውም፤ ማሽኑ እንዲራገጥ ያደርጋል። ብዙዎቹ የሰንሰለት ዘይቱን በአውራ ጣት በሚገፋ ፓምፕ ነው የሚሰጡት፤ በየጥቂቱ ሰከንድ ካልተገፋ ምላሱ ሰማያዊ ሆኖ ይቃጠላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይሞርደዋል።

እድሳት የማይመልሰው ነገር አለ። የምላሱ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ሲነካ ማሽኑ ወደ ባለቤቱ ፊት ይወረወራል፤ እነዚህ ማሽኖች ሲራገጡ የሚያቆማቸው ፍሬን የላቸውም። ርግጫ የሚቀንስ ሰንሰለት በልኩ ከተገኘ መግጠም፣ በጫፍ አለመቁረጥ፣ ከትከሻ በላይ አለማንሣትና የግራ ክንድን ቀጥ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው። መከላከያ ሱሪ ይለበስ፤ ግን የ106 ሲሲ ሞተር ጉልበት የሱሪውን ክር በጥሶ ሊያልፍ ይችላል። ንዝረቱ ጣት ያደነዝዛል፣ ያነጣል፤ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ማረፍ ይበጃል። የጆሮ መከላከያ ያለ ጥያቄ ነው።

ከሥራ በኋላ ማሽኑ ከወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ታንኩ ተገልብጦ ይደፋል፣ ሞተሩም ነዳጁን ጨርሶ እስኪጠፋ ይሠራል። ከዚያ ካንዴላው ወጥቶ አንድ የሻይ ማንኪያ የሁለት ምት ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ይፈስሳል፣ ገመዱ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ይሳባል፣ ፒስተኑ የጭስ መውጫውን በዘጋበት ቦታ ይቆማል፤ በተከፈተ መውጫ እርጥበትና ጉንዳን ይገባልና።